ከቀፎ ሥር የሚይዝ ስልክ

የገጠር ሰው አዲስ ዕቃ ሲያይ አፉን ከፍቶ ይቀራል ይባላል። አይቀርም። መቱ ተወልጄ እዚያው የጎለመስኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም የኢሉባቦር ገበሬ በቴክኖሎጂ ሲደነቅ አላየሁም። የሚደነቀው የተማረው ነው። አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ዓይኑ የሚፈጠው፣ ያልገዛውን ዕቃ ባሕርይ በቃሉ የሚዘረዝረው ደመወዝተኛው ነው። ገበሬው ይጠይቃል። የሚጠይቀው ደግሞ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ያላሰቡትን ነው።

ሰዎች ማርስ ላይ ሊሰፍሩ አስበዋል የሚል ዜና በሬዲዮ የተነገረ ቀን ሁሩሙ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። በሰፈራ ከሰሜን የመጡ አንድ ሽማግሌ ዜናውን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ሰፈራ ነው ያለው?"

"አዎ አባቴ፣ ሰፈራ ነው" አላቸው ባለቤቱ።

"ገበያው መቼ ይውላል?"

የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ አገር ከተማ ሁሉ የሚታወቀው በገበያው ቀን ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

"ገበያው ሳይታወቅ ሰው ይሰፍራል?" አሉ ሽማግሌው። "እኛንም መሬቱ ለም ነው፣ ውሃው ሞልቷል ብለው ነው ያመጡን። ስለ ገበያው ማንም አልነገረን።"

ማርስን በተመለከተ ብዙ አንብቤያለሁ። ከዚያ የተሻለ ተቃውሞ አላገኘሁም።

ሹፌር የሌለው መኪና ተሠራ የተባለ ሰሞን ደግሞ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ወሬውን ያመጣው አጠገቤ የተቀመጠ መምህር ነው። ከፊታችን የነበሩት እናት ዘወር ብለው፣ "ሹፌርስ ይቅር፤ ረዳት አለው?" አሉት።

"የለውም እናቴ። ማንም የለበትም።"

"ታዲያ ዶሮዬን ማን ይይዝልኛል?"

ዶሮዋን በዚያች ሰዓት በእግሯ አንጠልጥሎ የያዘው ረዳቱ ነበር። እንጀራው ሊዘጋ መሆኑን የሰማው ከዶሮ ጋር በተያያዘ ነው። "እኔ እንግዲህ ምን ልሁን?" አለ።

"አንተማ ሹፌር ትሆናለህ፤ ቦታው ተለቋል" አለው ከኋላ አንድ ሰው።

የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ማሽን መምጣቱን ለአጎቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከሁሩሙ ወጣ ብሎ ቡናና በቆሎ ያለማሉ፣ ንብም አላቸው።

"ካልጠየቁትስ?" አሉኝ።

"ካልጠየቁትማ ዝም ይላል ጋሼ።"

"እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበር የሚያስፈልገኝ" አሉ።

ስለ ጎረቤታቸው ያሉት ፍትሐዊ አልነበረም። ወደዚያ እመጣለሁ።

የአጎቴ ቤት ያለበት ቀበሌ ከሁሩሙ በእግር ረጅም ቁልቁለት ተወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ረጅም ዳገት ተወጥቶ ነው። ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ቀረሮ ከሚባል ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር። ከግንዱ ትንሽ ፈቀቅ ካሉ ይጠፋል። ምክንያቱን መቱ ላይ ያገኘሁትን አንድ የቴሌኮም ኢንጂነር ጠይቄው ነበር። "አይቻልም" አለኝ። "ይይዛል እኮ" አልኩት። "አይቻልም" አለኝ። ተለያየን።

ከቀረሮው ሥር ከሁሉም ሰው በላይ የምትቀመጠው የአጎቴ ሚስት ናት ብል ከአክብሮት መጉደል ይሆናል፤ የሚቀመጡት እትዬ ናቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራለች። አሠሪዋ ስልክ የምትሰጣት ዓርብ ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይታወቅም። ስለዚህ እትዬ ዓርብ ዓርብ ማለዳ ተነስተው፣ ስልኳን በትንሽ ዘንቢል ይዘው፣ ዘንቢሏን ከግንዱ ላይ ሰቅለው ፈትል እየፈተሉ ይጠብቃሉ። ልጅቷ ስትደውል ይጮሃሉ። ሁሉም ይጮሃል። በእኛ ዘንድ ድምፅና ርቀት መመጣጠን አለባቸው፤ ጎሬ ላለ ሰው በመጠኑ ይነገራል፣ አዲስ አበባ ላለ ጠንከር ይደረጋል፣ ባሕር ማዶ ላለ ደግሞ ደረት እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። ስልኩ ራሱ ድምፁን እንደሚያደርስ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። "እሱም ይርዳን እንጂ" ይሉኛል።

ችግሩ ቀረሮው ቀፎ የተሰቀለበት መሆኑ ነው። በእኛ ደን ውስጥ ዛፍ ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ቀፎ ያለበት ዛፍ ግን አስቀድሞ የሰቀለው ሰው ነው። አባቱ ሰቅሎ ከነበረ የልጁ ይሆናል። ይህን የጻፈ የለም፣ የሚጥሰውም የለም። ቀረሮው የጎረቤታቸው ነበር፤ ሁሉም ኦቦ የሚላቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ንብ አያያዝን ከአባታቸው የወረሱ ሰው።

ነጭ ማር የሚገኝበት የገተማ ዛፍ ሊያብብ ሲል ኦቦ አዲስ ቀፎ አጥነው ቀረሮው ላይ ሰቀሉ። አዲስ ቀፎ ጸጥታ ይፈልጋል። ንብ ቤት ስታይ እንደ ተከራይ ናት፤ ታያለች፣ ትዞራለች፣ ጎረቤቱ ጩኸታም ከሆነ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ዓርብ ደግሞ ቀረሮው ሥር የሚሰማው ጩኸት ንብ ቀርቶ ጉሬዛም አያስቀምጥም። ኦቦ ለአገር ሽማግሌዎች፣ እዚያ ጃርሳ ለሚባሉት፣ አቤት አሉ።

ጃርሳ ተቀመጠ። አጎቴ ስለ ሚስታቸው ተናገሩ። "ዛፉ የአንተ ነው፤ ኔትወርኩንም አንተ ነህ የሰቀልከው?"

"ኔትወርኩን እኔ አልሰቀልኩም" አሉ ኦቦ። "የሰቀለው ሰው ካለ ይምጣና አብረን እንካፈል።"

ሽማግሌዎቹ ብዙ መከሩ። ፍርዱ እንዲህ ነበር፦ ኔትወርኩ የሁሉም ነው፤ ጸጥታው ግን የንቧ ነው። ንቧ ቀፎው ውስጥ እስክትገባ ድረስ ከቀረሮው ሥር ስልክ የሚያናግር ሰው በሹክሹክታ ይናገር። ስለ መገናኛ ብዙ ሕግ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ሚዛን የያዘ አላየሁም። ያመጣው መዘዝ ሌላ ነገር ነው።

በተከታዩ ዓርብ ልጅቷ ደወለች። የሆነውን በኋላ እትዬ ነግረውኛል።

"እማዬ!"

"አቤት ልጄ፣ እንዴት ነሽ?" አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

"ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆንኩ። ሁላችንም ደህና ነን።"

"አባዬስ?"

"ደህና ነው።"

"ስጪኝ እስቲ።"

"እርሻ ላይ ነው።"

እትዬ ስለ ንቧ ሊያስረዱ ሲጀምሩ አሠሪዋ መጣችና ስልኩ ተቋረጠ። ልጅቷም አባቷ መሞታቸውን አወቀች።

ይህን ለመረዳት እኛ ሞትን እንዴት እንደምንናገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በስልክ አናረዳም። መርዶ በማለዳ፣ ብዙ ሆነው በሄዱ ሰዎች፣ ፊት ለፊት ይነገራል። ሩቅ አገር ላለ ሰው ደግሞ የአገሩ ሰዎች እስኪገኙና እስኪከቡት ይቆያል። እስከዚያው የሞተው ሰው ደህና ነው። የልጅቷ አያት፣ የእኔም አያት የነበሩት፣ እሷ በሄደች በጥቂት ወር ነው ያረፉት። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እንዳይነገራት ወሰነ። ልጅቷ ስለ አያቷ ስትጠይቅ ፀበል ሄዱ ተባለ። ፀበሉ ተስማማቸውና እዚያው ሰነበቱ። በመንፈቁም ፀበል ላይ ነበሩ። በመጨረሻ እዚያው ዓረብ አገር ያለች የኡካ ከተማ ልጅ አንድ ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየቻት፤ ድንኳን፣ ድግስ፣ ከፊት የአያቷ ትልቅ ፎቶ። የሙት ዓመቱ ነበር። ልጅቷ የአያቷን ሞትና የሙት ዓመታቸውን በአንድ ቀን ሰማች።

ዓርብ ያን ሹክሹክታ ስትሰማ እንግዲህ ምን ታስብ? ቤት ሙሉ ለቅሶተኛ እንዳይሰማ የምትጠነቀቅ እናት እንዲህ ነው የምትናገረው። "ደህና ነው፣ እርሻ ላይ ነው" ማለት ደግሞ "ደህና ናት፣ ፀበል ላይ ናት" ማለት ነው፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ።

በሚቀጥለው ዓርብ እያለቀሰች ደወለች። "እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"በማርያም ልጄ፣ ደህና ነው። ስለ ንቧ ነው እኮ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት።"

"ስለ ምኗ?"

"ስለ ንቧ። አዲስ ቀፎ አለ። ጃርሳ ፈርዶብን ነው።"

ከሩቅ ሲሰሙት ይህ እውነት አይመስልም። ቅርብ ሆኖም አይመስልም።

"ስለ አያቴም በማርያም ምለሽልኝ ነበር" አለች ልጅቷ። "አባዬን አልቀበርኩም፤ ለአርባው ልድረስ። ቤቱን ጥዬ እወጣለሁ።"

እትዬ የፈሩት ይህን ነው። እዚያ አገር አሠሪዋ ሳትለቅ ጥላ የወጣች ልጅ ምን እንደሚገጥማት በየቀበሌው ይታወቃል፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ፖሊስ ይይዛታል፣ ካልያዛት ደግሞ የባሰ ሰው ይይዛታል። ከዚያው ቀበሌ እንዲህ ወጥታ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ አለች። እትዬ ቁልቁለቱንና ዳገቱን በታመመ ጉልበታቸው አቋርጠው ሁሩሙ ሄዱና መቱ ለእኔ ደወሉልኝ።

"አንተ የተማርክ ነህ። አባቷ አለመሞቱን አስረዳልኝ።"

"ጋሼ ምን አሉ?"

"'ስሞት ራሴ እነግራታለሁ' ይላል።"

ሐሙስ ከሰዓት ስልኬንና ቻርጅ የተደረገ ፓወር ባንክ ይዤ ደረስኩ። አጎቴ አጥር ይጠግኑ ነበር። ለሞተ ሰው ብርቱ ናቸው። ሁሩሙ ወርደን፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያናግሯት ሐሳብ አቀረብኩ። ሞተር ሳይክል እስከ ወንዙ ይመጣል አልኳቸው።

"ለምን?"

"በሕይወት መኖርዎን እንድታውቅ ነዋ።"

"በሕይወት መኖሬን ለማስመስከር ከተማ አልወርድም" አሉ። "ተከስሼ ነው? ደግሞስ ስልክ ላይ ምን ይባላል? እንዴት ነሽ፣ ደህና፤ እንዴት ነህ፣ ደህና። ይሄን እናቷ ትለዋለች።"

እውነት ነው፤ ልጅቷ ከሄደች ጀምሮ አንድ ቀን ስልክ ይዘው አያውቁም። "ደህና ነኝ በያት" ብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ይህም አልጠቀማቸውም።

"ፎቶ ላንሳዎትና ልላክላት" አልኩ።

"ፎቶማ አያቷም አላት" አሉ እትዬ ከውስጥ። ትክክል ነበሩ። በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት አብዛኞቹ የሞቱ ናቸው።

ቪዲዮ ይሻላል አልን። አጎቴ ቪዲዮ መሆኑን ሲሰሙ ቤት ገቡና የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ ባርኔጣ አድርገው ወጡ። ወንበር አስወጥተው ከግድግዳው ፊት ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስልኬን ከፈትኩ።

"ይናገሩ ጋሼ።"

ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "ፎቶ እየተነሱ አይወራም" አሉ።

"ፎቶ አይደለም፣ ቪዲዮ ነው።"

"ካሜራ አይደለም?"

"ካሜራማ ነው።"

"እንግዲያው ዝም በልና አንሳ።"

እስትንፋሳቸውን ይዘው ፊት ለፊት አዩ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። በልጅነታቸው ጎሬ ፎቶ ቤት የተማሩት ሥርዓት ይህ ነው፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶው ይበላሽበታል። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ በሕይወት መኖሯን ያስመሰከረችው ከኋላቸው ያለፈችው ዶሮ ብቻ ናት።

"'አልሞትኩም' ቢሉስ? አንድ ቃል ብቻ" አልኩ።

"ሟርት ነው። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ አይልም።"

ሌላ ስላልነበረኝ ያንኑ ይዤ ዓርብ ጠዋት ቀረሮው ሥር ሄድኩ። ቪዲዮው እንደ ጭነት አህያ እያዘገመ ሄደ። ልጅቷ የምትደብቃት አሮጌ ስማርት ስልክ እንዳለቻት ያን ጠዋት የነገረችኝ፣ ቁጥሩንም የሰጠችኝ ያችው የኡካ ልጅ ናት፤ ከእናቷ እንኳ ደብቃታለች። መልሷ በድምፅ መጣ። ድምፅዋ ደርቋል።

"ይሄ መቼ የተቀዳ ነው? ኮቱን ለሠርግ እንጂ አይለብሰውም። ደግሞ ዓይኑ ለምን አይርገበገብም? አሁን የሞተ ሰው ፎቶ ወስዶ የሚያንቀሳቅስ ማሽን እንደመጣ ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ዶሮዋን ጨምረህበታል። ከዘመዱ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር የምትችል አንተ ነህ።"

በቴክኖሎጂ ችሎታዬ የተመሰገንኩት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን የሰሙ የመቱ ወዳጆቼ፣ አዩ፣ ማሽኑ እውነትን አጠፋ፣ ከእንግዲህ ሰው ዓይኑን አያምንም አሉኝ። አልተስማማሁም። ማሽኑ ገና ሳይወለድ እኛ ለሞተች አሮጊት ፀበል ቦታ ይዘን፣ ሰላምታ እያስላክን፣ እግሯን ትንሽ እንዳሻላት እየነገርን ከርመናል። ልጅቷ ዓይኗን ማመን ያቆመችው ከዚያ ነው። ማሽኑ የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የድምፅ መልእክቷ መጨረሻ ግን ቀልድ አልነበረውም። "ዛሬ ከሰዓት እመቤቴ ትወጣለች። እደውላለሁ። አባዬ ራሱ ካላናገረኝ በሩ ክፍት ነው፣ እወጣለሁ። በስሜ አትጥሩኝ።"

ቤት ተመልሼ ለአጎቴ አስደመጥኳቸው። ሁለት ጊዜ ሰሙት። ካራቸውን ግድግዳው ላይ ሰክተው፣ ያን ኮት እንደገና ለብሰው፣ ከኋላዬ መጡ። ዳገቱን ስንወጣ እትዬ ከፊት ነበሩ፤ የታመመ ጉልበት ያላቸው አይመስሉም ነበር።

ንቦቹ ከጠዋት ጀምሮ በአዲሱ ቀፎ ዙሪያ ይዞሩ ነበር። ኦቦ ራቅ ብለው ቡና ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ሲያዩን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኛም ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን ግንዱ ሥር ተቀመጥን። ስልኬ ጮኸ፤ ቶሎ አነሳሁት። ምስሏ ለአፍታ መጣና ቀጥ ብሎ ቀረ። እሷም ጋ የእኛ ምስል ቀጥ ብሎ እንደቀረ ገባኝ፤ አባቷ ዳግመኛ ፎቶ ሆኑ። የቀረን ድምፅ ብቻ ነበር። ስልኩን ለአጎቴ ሰጠኋቸው።

"እንዴት ነሽ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። እኛ ደህና ነን።"

"አባዬ እንዲህ አይናገርም።" ልታለቅስ ደርሳለች። "ማን ነህ አንተ ሰውዬ? ምን አድርጌያችሁ ነው የምታሾፉብኝ?"

አጎቴ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና አዩት። መልሰው አስጠጉት።

"ማን ነህ?" አሉ። ሹክሹክታው እየቀረ ነበር። "እኔን ነው ማን ነህ የምትይው?"

"ጋሼ፣ ንቧ" አልኩ።

"ያን የሚለፈልፍ ሰዓት የላክሽብኝ ማን ነኝ ብለሽ ነው? ሰዓት ጠፍቶ ነው? በየሰዓቱ በዓረብኛ ይጮሃል! ዶሮ ቀድሞ ይነሳል! ሼሁን አስጠርቼ ምን እንደሚል ብጠይቃቸው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ሰዓት ነው ይላል አሉኝ! ውሸታም ነው! ጎተራ ውስጥ ከተትኩት፣ ከበቆሎው ሥር ሆኖ ይናገራል! ሌሊት የመጣ ሰው ጎተራችን ዓረብ ተቀብሮበታል ይላል! እናትሽ ደግሞ ልጄ የላከችው ነው እያለች አውጥታ ትወለውለዋለች! ምናለ ዝም የሚል ነገር ብትልኪ? ካልሲ የለም? እዚያ አገር ካልሲ የለም?"

ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ለቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ቆይቶ ለቅሶ ሆነ።

"አባዬ ነህ" አለች።

"ታዲያ ማን ይሁን!" አሉ አጎቴ። ኮታቸው ክንዳቸው ሥር ተተርትሯል።

ያን የመሰለ ነገር ስለሚፈጥር ማሽን እስካሁን አላነበብኩም። እነዚያ ማሽኖች ትሑታን ናቸው፤ የሰጧቸውን ያመሰግናሉ፣ የጠየቋቸውን ያሟላሉ። በስጦታ የሚያማርር ማሽን የሚገዛ ሰው ስለሌለ የሚሠራው የለም።

በዚህ መሐል ኦቦ፣ "ሰገሌ! ሰገሌ!" እያሉ፣ ድምፅ ቀንሱ ማለታቸው ነው፣ በቡናው መሐል እየሮጡ መጡ። ዘግይተዋል። ንቦቹ እንደ አንድ ጥቁር ነጠላ ተጠቅልለው ከቀረሮው በላይ አለፉና ወደ ወንዙ ማዶ ሄዱ። ኦቦ ቆመው እስኪጠፉ አዩአቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ አጎቴም ሳያስቡት ስልኩን ሰጧቸው።

"አባን ኬ ጂራ!" አሉ ኦቦ ለልጅቷ። "ካኒሳ ኮ አሪኤ!" አባትሽ አለ፤ ንቤን አባረረብኝ። እሳቸውም እየጮሁ ነበር፤ ከእንግዲህ ምን ቀረና። ልጅቷ ከሰማችው ምስክርነት ሁሉ ይህ ጠንካራው ነበር ብዬ አምናለሁ። መስካሪው ተበዳይ ነው፤ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። አጎቴ በኋላ በጃርሳ ፊት ከራሳቸው ዋንዛ ላይ ለቀፎ መስቀያ የሚሆን አንድ ጥሩ ቅርንጫፍ ሰጥተው ታረቁ።

ስልኩ ወደ እሳቸው ሲመለስ ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀች።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ሰው ከሞተ ትነግረኛለህ። በዚያው ቀን። ማል።"

"አልምልም።"

"እሺ በለኝ እንግዲያው።"

አጎቴ ወደ እትዬ አዩ። እትዬ ወደ መሬት አዩ። እሺ ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የአገሩን ደንብ መጣስ ነው፣ ልጅን ያለ ሰው፣ ያለ ደጋፊ፣ ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ማርዳት ነው።

"እሺ" አሉ።

ልጅቷ ከቤቱ አልወጣችም። ዓመቱ ሳይሞላ ጎሬ የነበሩት የአጎቴ ታላቅ እህት፣ ለእኔም አክስቴ፣ አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ቤተ ዘመዱ እንደ ልማዱ ለልጅቷ ምን እንደሚባል መመካከር ጀመረ። አንዱ "ልጆቿ ጋ አዲስ አበባ ሄዳለች እንበል" አለ። አጎቴ ዓርብ ጠዋት ብቻቸውን ቀረሮው ሥር ሄደው ተቀመጡና ስትደውል፣ "አክስትሽ ሞታለች፣ ሰኞ ቀበርናት" አሏት። አለቀሰች። እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ቆሙ። ከዚያ እንዴት እንደሞተች ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ማን ማን እንደመጣ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት።

ዘመድ ተቆጣ። "ሰው እንዴት በስልክ ይረዳል? ያውም ሰው አገር፣ ብቻዋን ሆና?"

"ብቻዋን አልነበረችም" አሉ አጎቴ። "እኔ ነበርኩ።"

ከዚያ ወዲህ እትዬ "ሁላችንም ደህና ነን" ሲሏት ታምናለች። በሹክሹክታም ቢሆን ታምናለች።

እርስዎም ሩቅ አገር ያለ ሰው ካለዎትና የደበቁት ሞት ካለ፣ ይህን አስቀምጠው አሁኑኑ ደውለው ይንገሩት።